ትልቅ ጥንድ ይዘህ ገንዘቡን በጊዜ ማስከፈል፦ የቴክሳስ ሆልደም የአሠራር መመሪያ

ቅዳሜ ማታ ካዚኖ አምሽተው እሑድ ጠዋት የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ሁለት ኤስ ይዤ ተሸነፍኩ፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ዝርዝሩን ስጠይቅ ታሪኩም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ከፍሎፕ በፊት ትንሽ አሳድገዋል፤ አራት ሰው ተከትሏቸዋል፤ ፍሎፕ ላይ «እንዳይሸሹብኝ» ብለው ቼክ ብለዋል (ሳይወራረዱ ተራቸውን አሳልፈዋል)፤ መጨረሻ ላይ አንድ ያልታሰበ ካርታ ወጥቶ ፊታቸው ያለውን ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚቀመጠውን) በሙሉ አስረክበዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ደረጃ በደረጃ ጽፌ ላስቀምጠው።

መመሪያው የሚያገለግለው በገንዘብ ለሚካሄድ፣ የውርርድ ጣሪያ ለሌለው ቴክሳስ ሆልደም ነው። ምሳሌዎቼን የወሰድኩት በአሜሪካ ካዚኖዎች ከምናውቀው ባለ 1 እና 3 ዶላር ብላይንድ (ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚያስቀምጡት ውርርድ) ጠረጴዛ ነው። በውድድር ግን የቺፕ ዋጋ ስሌቱ ስለሚለይ እንዳለ ገልብጠህ አትጠቀምበት።

መጀመሪያ በቃላቱ እንስማማ። ቴክሳስ ሆልደም እያንዳንዱ ሰው በእጁ ያሉትን ሁለት ካርታዎች ከአምስት የጋራ ካርታዎች ጋር እያጣመረ የሚጫወተው የፖከር ዓይነት ነው። የካርታዎቹ ደረጃ ከትልቁ ሲጀመር ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10 እያለ ይወርዳል። መክፈል ማለት የሌላውን ውርርድ እኩል ማስቀመጥ፣ ማሳደግ ከዚያ በላይ ማስቀመጥ፣ መጣል ደግሞ ካርታን ትቶ ከዚያ እጅ፣ ማለትም ከዚያ ዕደላ፣ መውጣት ነው። ፍሎፕ መጀመሪያ የሚገለጡት 3 የጋራ ካርታዎች ናቸው፤ ተርን 4ኛው፣ ሪቨር 5ኛው። ፖት መሃል ላይ የተጠራቀመው ገንዘብ ነው። ኦቨርፔር የሚባለው በእጅህ ያለው ጥንድ ከጋራ ካርታዎቹ ሁሉ ሲበልጥ ነው፤ ለምሳሌ ሁለት ኩዊን ይዘህ ጃክ፣ 8 እና 3 ሲገለጡ። ቶፕ ፔር ደግሞ አንድ ሰው ከእጁ አንዷን ካርታ ከጠረጴዛው ትልቁ ካርታ ጋር ሲያጣምር ነው፤ በዚሁ ምሳሌ ኪንግና ጃክ የያዘው ሰው ቶፕ ፔር አለው። የኦቨርፔር ገንዘብ የሚመጣው በዋናነት ቶፕ ፔር ይዞ «እየመራሁ ነው» ብሎ ከሚያምን ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ፣ አሁን፣ በዚህ ፍሎፕ ላይ ይከፍላል። ሁለት ካርታ ቆይቶ ግን ወይ ይፈራል ወይ ይበልጥሃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በ1 እና 3 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ 300 ዶላር፣ ማለትም የትልቁን ብላይንድ 100 እጥፍ ይዞ መቀመጥ። 100 ዶላር ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁለት ኤስ ቢመጣለትም ከአንድ ተጋጣሚ የሚወስደው 100 ዶላር ብቻ ነው።
- ለጨዋታ ብቻ የተለየ ገንዘብ፤ ከአንድ መቀመጫ ቢያንስ 20 እጥፍ። በ300 ዶላር ስንቀመጥ 6,000 ዶላር ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ክፍያ ወይም ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይገባም።
- 52 ካርታ ያለው መደበኛ ጥቅል፤ ለቤት ልምምድ።
- የማሸነፍ ዕድል የሚያሰላ ፕሮግራም። በኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ብዙ አሉ። ከጠረጴዛው ርቀህ ብቻ ተጠቀምበት።
- ማስታወሻ ደብተር። ያገኘኸውን ትልቅ ጥንድ፣ ያስቀመጥከውን ውርርድና ማን እንደከፈለህ ለመመዝገብ ነው።

ደረጃ 1፦ ከፍሎፕ በፊት በሚገባ አሳድግ

ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ይመጣል። ካዚኖ ውስጥ በሰዓት 30 ጊዜ ያህል ካርታ ይታደላል ብንል፣ በሰባት ሰዓት ከግማሽ አንዴ ማለት ነው። ስለዚህ ሲመጣ የምታባክነው ዕድል አይደለም።

መነሻህ 15 ዶላር ይሁን፤ ከአንተ በፊት 3 ዶላር ብቻ ከፍሎ ለገባ እያንዳንዱ ሰው 3 ዶላር ጨምርበት። ሁለት ሰው ገብቶ ከሆነ 20 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ወደ 15 ካሳደገ፣ ከፍሎፕ ጀምሮ ከእሱ በኋላ የምትወስን ከሆነ ወደ 45 ወይም 50፣ ከእሱ በፊት የምትወስን ከሆነ ወደ 60 አድርሰው። በቀጣዮቹ ዙሮች ቀድሞ መወሰን ጉዳት ስለሆነ ነው ዋጋው ከፍ የሚለው።

ይህን የምታደርግበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሰው ብዛት ነው። ሁለት ኤስ ዘፈቀደ ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር ቢጋጠም 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል፤ ከሁለት ሰው ጋር 73፣ ከሦስት ጋር 64፣ ከአራት ጋር ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። አንድ ወይም ሁለት ከፋይ ይበቃሃል። ሁለተኛው ትንሽ ጥንድ ይዞ ሦስት ተመሳሳይ ለማግኘት የሚገባው ሰው ነው። እሱ ፍሎፕ ላይ የሚፈልገውን የሚያገኘው 12 በመቶ በማይሞላ ዕድል ነው፤ ከስምንት ተኩል ጊዜ አንዴ ማለት ነው። 10 ዶላር ብቻ ካስከፈልከውና ከኋላህ 290 ዶላር ካለ፣ ላወጣት ገንዘብ 29 እጥፍ ተስፋ ሰጥተኸዋል። 20 ካስከፈልከው ወደ 14 እጥፍ ይወርዳል። በዚህም ዋጋ ይገባ ይሆናል፤ ግን ትርፉ ይሳሳል።

*ጥንቃቄ፦* ለኤስና ለኪንግ ብቻ 40 ዶላር፣ ለሌላው ካርታ 15 ዶላር አታድርግ። አብረውህ የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ያነቡሃል። ልኩ ከካርታህ ሳይሆን ቀድመውህ ከገቡት ሰዎች ብዛት ይነሳ።

*ሌላ ጥንቃቄ፦* ቺፕ ከማንቀሳቀስህ በፊት «ሬይዝ» (አሳድጋለሁ) ብለህ መጠኑን ተናገር። በብዙ ካዚኖዎች ደንብ፣ ሳትናገር አንድ ትልቅ ቺፕ ብቻ ወደ ፊት ከገፋህ እንደ ኮል (እኩል መክፈል ብቻ) ይቆጠራል። እኔ ላይ ደርሷል። ሁለት ኪንግ ይዤ አንዲት ባለ 25 ዶላር ቺፕ ዝም ብዬ አስቀመጥኩ፤ ዲለሩ (ካርታ አዳዩ) 22 ዶላር መልሶ ሰጠኝ፤ አምስት ሰው በ3 ዶላር ፍሎፑን አየ። ከዚያን ቀን ወዲህ አፌ ከእጄ ይቀድማል።

ደረጃ 2፦ ፍሎፕ ከመገለጡ በፊት ገንዘቡን መዝን

ይህ ደረጃ አምስት ሰከንድ ይፈጃል፤ አብዛኛው ሰው ግን ይዘለዋል። በአንተና በተጋጣሚህ ፊት ከቀረው ቺፕ ያነሰውን ውሰድና ለፖቱ አካፍል።

ውጤቱ ከ4 በታች ከሆነ በኦቨርፔር ያለህን ሁሉ ለማስገባት ተዘጋጅ፤ ወደ ኋላ ማለት አያዋጣም። በ4 እና በ8 መካከል ከሆነ በሦስቱም ዙሮች ትወራረዳለህ፤ ኃይለኛ ምላሽ ሲመጣ ግን ቆም ብለህ ታስባለህ። ከ8 በላይ ሲሆን አንድ ጥንድ ብቻውን ያን ሁሉ ገንዘብ መሸከም አይችልም። ምክንያቱም በጣም ብዙ ገንዘብ ሲንቀሳቀስ እስከ መጨረሻ የሚከተልህ ሰው ቶፕ ፔር የያዘው ሳይሆን ሦስት ተመሳሳይ ወይም ሁለት ጥንድ የያዘው ይሆናል።

እስከ መጨረሻው የምንከተላት ምሳሌ ይህች ናት። ሁለት ጥቁር ኩዊን ይዘሃል። ሁለት ሰው በ3 ዶላር ገብቷል፤ አንተ ወደ 20 አሳደግህ፤ ብላይንዶቹ ጣሉ፤ ሁለቱ ከፈሉ። ቤቱ (ካዚኖው) ከፖቱ የሚቆርጠውን ለጊዜው ብንተወው ፖቱ 64 ዶላር ነው። በሁላችሁም ፊት 280 ዶላር ቀርቷል። 280 ለ64 ሲካፈል 4 ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ዕቅዱ ከወዲሁ ግልጽ ነው፦ በሦስት ዙር 280ውን ማስገባት።

ደረጃ 3፦ ፍሎፑን አንብብ

መጀመሪያ የምታየው አሁንም ኦቨርፔር አለህ ወይ የሚለውን ነው። ሁለት ኪንግ ስትይዝ ፍሎፕ ላይ ኤስ የመውጣቱ ዕድል 23 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ኩዊን ስትይዝ ከአንተ የሚበልጥ ካርታ 41 በመቶ ያህል ጊዜ ይወጣል፤ ሁለት ጃክ ስትይዝ 57 በመቶ፤ ሁለት 10 ስትይዝ ወደ 70 በመቶ። ከወጣ ይህ መመሪያ ለዚያ እጅ አይሠራም፤ ጨዋታው ሌላ ሆኗል።

ካልወጣ ቀጥለህ የምታየው ፍሎፑ «ደረቅ» ነው ወይስ «እርጥብ» የሚለውን ነው። ደረቅ የምንለው ካርታዎቹ የተራራቁና ምልክታቸው የተለያየ ሲሆን ነው፤ እንደ ኩዊን፣ 7፣ 2። እርጥብ የሚባለው ደግሞ ተከታታይ ወይም ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሲበዙ ነው፤ እንደ ጃክ፣ 10፣ 9 ከሁለት ልብ ጋር። ደረቅ ላይ የሚያሳድድህ ስለሌለ የፖቱ ግማሽም ይበቃል፤ እርጥብ ላይ ከሁለት ሦስተኛ አትውረድ። እርግጥ በዝቅተኛ ጠረጴዛ ቶፕ ፔር የያዘ ሰው ግማሽም ሁለት ሦስተኛም ብትጠይቀው ስለሚከፍል፣ እኔ ደረቁም ላይ ወደ ሁለት ሦስተኛው አደላለሁ።

ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ፍሎፑ ራሱ ጥንድ ካለው፣ ለምሳሌ 8፣ 8፣ 3፣ ሊከፍልህ የሚችል ካርታ ጥቂት ስለሆነ ውርርዱን ወደ ሲሶ አሳንስ። ሦስቱም ካርታዎች አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ግማሽ ፖት አስቀምጥ፤ አራተኛው ሲመጣ ግን ቁም።

ደረጃ 4፦ ፍሎፕ ላይ ተወራረድ፤ ቼክ አትበል

በምሳሌያችን የዳይመንድ ጃክ፣ የአበባ 8 እና የዳይመንድ 3 ወጡ። ሁለቱም ተጋጣሚዎች ቼክ አሉ። 45 ዶላር አስቀምጥ።

ለምን 45? ሁለት ዳይመንድ ይዞ ፍላሽ (ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታዎች) የሚጠብቀውን ሰው አስበው። የሚፈልጋቸው 9 ካርታዎች ናቸው፤ በቀጣዩ ካርታ ላይ የሚያገኝበት ዕድል 19 በመቶ ነው። 45 ዶላር ስታስቀምጥ 154 ዶላር ለሚሆን ፖት 45 ይከፍላል፤ ይህን ለማካካስ 29 በመቶ ዕድል ያስፈልገዋል። ስለዚህ በቀጣዩ ካርታ ብቻ ስናየው እየከፈለ እየከሰረ ነው፤ ትርፉም ያንተ ነው። 15 ዶላር ብቻ ብታስቀምጥ ግን የሚያስፈልገው 16 በመቶ ይሆናል። 19 በእጁ አለ፤ አንተው ራስህ ትርፍ ሰጠኸው። ቼክ ካልክ ደግሞ በነፃ ነው።

ቶፕ ፔር የያዘውንም ቁጠረው። አንተ ሁለት ኩዊን ይዘህ ጃክ በወጣበት ፍሎፕ፣ ኤስና ጃክ ሊያዝ የሚችለው በ12 መንገድ ነው፤ ኪንግና ጃክ በ12፤ ጃክና 10 በ12፤ ኩዊንና ጃክ በ6። ድምሩ 42። የሚበልጡህን ስትቆጥር ሦስት ጃክ፣ ሦስት 8 እና ሦስት 3 እያንዳንዳቸው በ3 መንገድ ይያዛሉ፤ ጃክና 8 በአንድ ምልክት በ2። ድምሩ 11። ሁለት ኤስና ሁለት ኪንግ የያዘ ሰው በአብዛኛው ከፍሎፕ በፊት ያሳድግ ስለነበር ከሂሳቡ ልናወጣው እንችላለን። 42 ከፋይ ለ11 አሸናፊ። ፍላሽና ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታዎች) የሚጠብቁት ገና አልተጨመሩም። ይህ ሂሳብ ፊትህ እያለ ቼክ ማለት ገንዘብ መሬት ላይ ትቶ መሄድ ነው።

«ቼክ ብዬ እሱ ሲወራረድ አሳድግበታለሁ» የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። በዝቅተኛ ጠረጴዛ አይሠራም። እዚህ የሚቀመጡት ሰዎች በአብዛኛው መክፈል የሚወዱ እንጂ ቀድመው መወራረድ የሚወዱ አይደሉም። ቼክ ስትላቸው ቼክ ይሉሃል፤ ቀጣዩን ካርታ በነፃ ያያሉ።

ጥንድህ ባነሰ ቁጥር ችኮላው ይብሳል። ሁለት 9 ይዘህ 7፣ 5፣ 2 ሲወጣ ኦቨርፔር አለህ፤ ነገር ግን በተርን ላይ ከአንተ የሚበልጥ ካርታ የመውጣቱ ዕድል 43 በመቶ ያህል ነው። ሁለት ጃክ ይዘህ ትልቁ 8 በሆነበት ፍሎፕ ላይ ይህ ዕድል 26 በመቶ አካባቢ ነው። ነገ ላይ የማይገኝ ጉልበት ስለሆነ ዛሬ ይከፈልበት።

ደረጃ 5፦ ተርን ላይ አትቀዝቅዝ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ፍሎፕ ላይ በድፍረት ያስቀመጠ እጅ ተርን ላይ «ምን ይዞ ነው የከፈለኝ?» ብሎ ይንቀጠቀጣል። መልሱን ከላይ ቆጥረነዋል፦ በአብዛኛው ጃክ።

በምሳሌያችን አንዱ ጣለ፤ አንዱ ከፈለ። ፖቱ 154 ሆነ። ተርን የልብ 4 ነው፤ ማንንም አልረዳም። 100 ዶላር አስቀምጥ። ተጋጣሚህ ትንሽ አሰበ፤ ቺፑን ሁለት ጊዜ ቆጠረ፤ ከፈለ። እንዲህ ያለው የቺፕ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ካርታ ነው፤ ሦስት ተመሳሳይ የያዘ ሰው ለመክፈል ሳይሆን ለማሳደግ ነው የሚያስበው።

የተርን ውርርድ ለምን ትልቅ መሆን እንዳለበት በቁጥር እንየው። በእያንዳንዱ ዙር በፍርሃት 15፣ 25 እና 40 ዶላር ብታስቀምጥ ከአንድ ከፋይ የምታገኘው 80 ዶላር ነው። 45፣ 100 እና ቀሪውን 135 ስታስቀምጥ 280 ነው። ካርታው ያው፣ ተጋጣሚው ያው፤ ልዩነቱ 200 ዶላር። ፖት የሚያድገው በብዜት ነው። ፍሎፕና ተርን ላይ ያላሳደግኸውን ሪቨር ላይ በአንድ ጊዜ ልታካክሰው አትችልም፤ በ90 ዶላር ፖት ላይ 250 ስታስቀምጥ ቶፕ ፔር የያዘው ሰው ይጥላል።

መጥፎ ካርታ ከመጣስ? ኤስ ወይም ኪንግ ከወጣ ኦቨርፔር መሆንህ አብቅቷል፤ ሁለት ኩዊን ላይ ይህ 17 በመቶ ያህል ጊዜ ይሆናል። ቼክ በልና ተጋጣሚህ ከተወራረደ አነስተኛውን ክፈል፤ ትልቁን ጣል። ሦስተኛ ዳይመንድ ከወጣም እንዲሁ ቀስ በል። 7 ከወጣ 10 እና 9 የያዘው ሰው ስትሬት ሠርቷል፤ ነገር ግን ያን ብቻ የያዘ ሰው ጥቂት ስለሆነ ከፖቱ ግማሽ አስቀምጠህ መቀጠል ትችላለህ። በፍርሃት ቼክ የሚያስብሉህ ካርታዎች ከምታስበው ያነሱ ናቸው። ተርን ላይ ከሚወጣው አብዛኛው ካርታ የተጋጣሚህን እጅ አይለውጥም።

ደረጃ 6፦ ሪቨር ላይ የመጨረሻውን ጠይቅ

ሪቨር የአበባ 2 ወጣ። ፖቱ 354 ሲሆን በፊትህ 135 ቀርቷል። ተጋጣሚህ ቼክ ብሏል። ሁሉንም አስገባ።

ፍላሽና ስትሬት ይጠብቅ የነበረው ሰው አልተሳካለትም፤ ስለዚህ 5 ዶላርም ብትጠይቀው አይከፍልም። የምትጠይቀው ጃክ የያዘውን ነው። እሱ ደግሞ 135 ከፍሎ 489 ዶላር የመውሰድ ዕድል ስለሚታየው፣ ለመክፈል የሚያስፈልገው እርግጠኝነት 22 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኪንግና ጃክ የያዘ ሰው በዚህ ዋጋ እምብዛም አይጥልም። ቼክ ብለህ «እንኳን አሸነፍኩ» ማለት ለእኔ እንደ ሽንፈት የሚቆጠር ነው፤ 135ቱ ዶላር ያንተ ነበር።

በሌላ እጅ ሪቨሩ አንድ ምልክት ያላቸው ወይም ተከታታይ የሆኑ አራት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ከፈጠረ ግን ቼክ በል። ያን ጊዜ ከአንተ ያነሰ ካርታ ይዞ የሚከፍል ሰው ስለማይኖር ውርርድህ የሚያገኘው የሚበልጥህን ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ሲያሳድጉብህ ማን እንዳሳደገ እይ

እስካሁን «ግፋ» ስልህ ቆየሁ። መቆም ያለብህን ቦታም ማወቅ ግድ ነው፤ በኦቨርፔር የተገኘው ገንዘብ ሁሉ የሚጠፋው እዚህ ነውና።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቡናውን እየጠጣ ሲከፍል ብቻ የቆየ ሰው በተርን ላይ ድንገት «ሬይዝ» ካለ፣ አንድ ጥንድ ይዞ አይደለም። ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ ወይም የተሠራ ስትሬት ይዟል። በየእጁ የሚያሳድግና ባልተሳካ ካርታም ሲወራረድ ያየኸው ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ፍላሽ እየጠበቀም ሊያሳድግ ይችላል። ስለዚህ ካርታ በጣልክበት ጊዜ ሁሉ ስልክህን ትተህ ጠረጴዛውን ተመልከት፤ ይህን ውሳኔ የምትወስነው በዚያ መረጃ ነው።

ገንዘቡም ይናገራል። በምሳሌያችን 100 ዶላር ተርን ላይ ስታስቀምጥ ተጋጣሚህ ያለውን 235 በሙሉ ቢያስገባ፣ አንተ 135 ጨምረህ 489 ለመውሰድ ነው። 22 በመቶ ዕድል ይበቃሃል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ጊዜ አንዴ ከአንተ ያነሰ ካርታ ይዞ ከሆነ መክፈል ያዋጣል። እንግዲህ የምትጥለው በጣም ለምታውቀው ዝምተኛ ሰው ብቻ ነው። ያው እጅ ሁለታችሁም በ600 ዶላር ተቀምጣችሁ ቢሆን ግን 435 ጨምረህ 789 ለመውሰድ ትሆናለህ፤ የሚያስፈልግህ ዕድል ወደ 36 በመቶ ይዘላል። ካርታው አልተለወጠም፤ ውሳኔው ግን ተለወጠ። ደረጃ 2ን አትዝለል ያልኩት ለዚህ ነው። ሦስት ተመሳሳይ ከያዘ ሰው ጋር ተርን ላይ ከተጋጠምክ የሚያድኑህ ሁለት ካርታዎች ብቻ ናቸው፤ 4 ተኩል በመቶ።

ሪቨር ላይ ቢያሳድጉብህ፣ በተለይ ያሳደገው ዝምተኛ ሰው ከሆነ፣ አትክፈል። ካርታህን ለማንም ሳታሳይ ጣል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ፍሎፕ ላይ ያለህን ሁሉ መወርወር። ግፋ ማለት ይህ አይደለም። በ64 ዶላር ፖት ላይ 280 ብታስቀምጥ ጃክ የያዘው ይሸሻል፤ 8 ላይ ሦስት ተመሳሳይ ያለው ይቀበልሃል። ሊከፍሉህ የሚገቡትን አባርረህ ልትከፍላቸው የሚገቡትን አስቀረህ። በሦስት ዙር የምናስገባው ደካማው ሰው እየተከተለን እንዲመጣ ነው።

ሁለት ኤስን እንደ ሁለት ኤስ ብቻ ማየት። 9፣ 8፣ 7፣ 6 ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈው «ኤስ ኤስ እኮ ነው የያዝኩት» ማለት አይሠራም። ከፍሎፕ በኋላ የያዝከው አንድ ጥንድ ነው።

በትክክል ተጫውተህ ስትሸነፍ ዕቅዱን መለወጥ። ኪንግና ጃክ የያዘው ተጋጣሚያችን ፍሎፕ ላይ አምስት የሚያድኑት ካርታዎች አሉት፤ እስከ ሪቨር 21 በመቶ ያህል ጊዜ ይበልጥሃል። ከአምስት አንዴ ማለት ነው። በአንድ ሌሊት ሁለቴ ሊደርስ ይችላል። የሚደውሉልኝ ሰዎች ፍሎፕ ላይ ቼክ ማለት የጀመሩት አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ከዚያም የሚያጡት በሽንፈት ሳይሆን ባልተጠየቀ ገንዘብ ስለሆነ አይታወቃቸውም።

ለብዙ ሰው እንደ አንድ ሰው መጫወት። ፍሎፑን አራት ሰው ካየው የፖቱን ሁለት ሦስተኛ ጠይቅ፤ ነገር ግን አንዱ ከፍሎ ሌላው ካሳደገ፣ በሁለት ሰው ጨዋታ ላይ ከምትጥለው ቀድመህ ጣል።

ማስጠንቀቂያዎች

በአሜሪካ የፖከር ክፍሎች እጅ በሚካሄድበት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መናገር በአብዛኛው ክልክል ነው። ከወዳጅህ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥክ በአማርኛ «ምን ይዘሃል?» ማለት ቀርቶ ስለ እራት ማውራትም ካርታ ከመታደሉ በፊት ወይም ካበቃ በኋላ ይሁን። ሌሎቹ ተጫዋቾች የምትሉትን ስለማያውቁ ተመሳጠራችሁ ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም፤ ክስ ቢያቀርቡም እጃችሁ ሊሰረዝ ይችላል። ከወዳጅህ ጋር መግባባት፣ «አንተን አልነካህም» መባባልም፣ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል። በዚያ እጅ የሚጋጠምህ ወዳጅህ ከሆነም ሙሉውን አስከፍለው።

ዕድሜህ ከ21 በታች ከሆነ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ካዚኖዎች መቀመጥ አይፈቀድልህም። በምትኖርበት አገር ቁማር ሕገወጥ ከሆነ፣ በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይ፣ በቤት ውስጥም ቢሆን በገንዘብ አትጫወት፤ መዘዙ ከሥራና ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው።

ያጣኸውን ለመመለስ ከባንክ ማሽን ገንዘብ ለማውጣት ከተነሳህ ያን ሌሊት ጨዋታው አልቋል፤ ወደ ቤትህ ሂድ። ይህ ከተደጋገመ ደግሞ በብዙ ግዛቶች ራስህን ከካዚኖ የምታሳግድበት ሕጋዊ መዝገብ አለ፤ ተመዝገብ።

ልምምድ

ከ52ቱ ካርታ ሁለት ጥቁር ኩዊኖችን አውጥተህ ፊትህ አስቀምጥ። ቀሪዎቹን 50 በውዝና ሦስት ግለጥ። ኤስ ወይም ኪንግ ካለ መልሰህ በውዝ፤ ከሌለ ፖቱ 64 ዶላር፣ በፊትህ 280 እንዳለ ቆጥረህ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ሦስት ነገር ጮክ ብለህ ተናገር፦ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ፣ ስንት ታስቀምጣለህ፣ የትኛው የተርን ካርታ ያስቆምሃል። ይህን 50 ጊዜ አድርግ። 20 ወይም 21 ጊዜ ያህል ትልቅ ካርታ ሲወጣ ታያለህ፤ በደብተርህ መዝግበው። በማግስቱ ኩዊኖቹን በጃክ ተካና ቁጥሩ ወደ 28 ሲጠጋ ተመልከት።